ፀሐይ ላይ ከቆየሁ በኋላ ዝልፍልፍ ያደርገኛል፣ ከምግብ የጎደለኝ ነገር ይኖር ይሆን?

የኮዬዋ
ሰላም ለዚህ ቤት። የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ ፕሊስ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ ነው መሰለኝ የጀመረኝ። ሥራዬ ሂሳብ ነው፣ ግማሹን ቀን ቢሮ ግማሹን ደሞ በቀትር ባንክና ገቢዎች ስሮጥ እውላለሁ፣ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሰርቼ በ7 ሰዓት ስመለስ ደሞ ከታክሲው እስከ ብሎካችን ያለውን መንገድ የኮዬ ሰው ያውቀዋል፣ ዛፍ የለ ጥላ የለ አቧራ ብቻ። ቤት እንደገባሁ ሶፋ ላይ ነው የምወድቀው፣ እንቅልፍ እንዳይመስላችሁ፣ ሰውነት ዝልፍልፍ የሚያደርግ ድካም ነው፣ እግሬ ይዝላል፣ ራሴን ይከብደኛል፣ 4ኛ ፎቅ ስለሆንን ደረጃ ስወጣ ልቤ ድው ድው ይላል። ትኩሳት የለኝም። ደመና በሆነ ቀን ግን ያው መንገድ ያው ደረጃ ይቀለኛል፣ እሱ ነው ግራ ያጋባኝ።

ባልደረባዬ የማግኒዥየም እጥረት ነው አለችኝ። ፀሐይ ቆዳሽ ላይ ቫይታሚን ዲ ስትሰራ ማግኒዥየምሽን ሙጥጥ አድርጋ ትጨርሰዋለች ነው የምትለው፣ ቲክቶክ ላይ አይታ ነው። ፋርማሲ ጠየቅኩ፣ ከውጭ የሚመጣው ዋጋው አይቀመስም። እናቴ ደሞ ምች ነው ብላ ደምድማለች። 31 ዓመቴ ነው፣ የማውቀው ሌላ በሽታ የለብኝም። ማግኒዥየሙን ልግዛው ወይስ ሌላ ነገር ይሆን?

አባዶ ማዶ
እናትሽ ልክ ናቸው፣ ምች ነው። ወጥ ስታቁላዪ ቆይተሽ ላብሽ ሳይደርቅ ፀሐይ ላይ ከወጣሽ በቃ መታሽ ማለት ነው። ዳማከሴ ፈልጊ፣ ቅጠሉን በእጅሽ አሽተሽ ጭማቂውን ቡና ላይ ጠብ አድርገሽ ጠጪ፣ የቀረውን ግንባርሽን ተቀቢው። የኮንዶሚኒየም ሰው መትከል ተወ እንጂ በቀለም ባልዲም ይበቅላል እኮ፣ እኔ በረንዳ ላይ አለኝ፣ ጎረቤት ሁሉ እየመጣ ይቀነጥሳል።

ነጭ ጋወን
ጤና መኮንን ነኝ። ዳማከሴውን አልቃወምም፣ እኔም ያደግኩበት ነው፣ ግን ሰው ምች የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ትኩሳትና ራስ ምታት ያለበት፣ ከንፈር ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል የሚያወጣ ነገር ነው። አንቺ ትኩሳት የለኝም ብለሻል። ደሞ ምች በየቅዳሜው ቀጠሮ ይዞ አይመጣም።

ወደ ክኒን ከመሄድሽ በፊት ፀሐይ ሰው ላይ ምን እንደምታደርግ እንይ። ሰውነት ሙቀቱን ለማውጣት የቆዳን የደም ስሮች ያሰፋል፣ ደም ወደ ቆዳ ይሄዳል፣ ግፊት ዝቅ ይላል፣ ልብ ያንን ለማካካስ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ላይ ላዩን ደሞ በላብ ውሃና ጨው ይወጣል። ይሄ ጤነኛ ሰው ላይም አለ። አዲስ አበባ ላይ ሰው የሚሸወደው አየሩ ስለማያቃጥል ነው፣ 25 ዲግሪ ምን ያደርገኛል ይላል። ያለነው ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ነው፣ በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌቱ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ሚያዝያ መግቢያ ላይ ደሞ ቀትር ሲሆን ፀሐይዋ ቀጥ ብላ አናት ላይ ናት፣ ጥላሽ እግርሽ ሥር ነው የሚገባው። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላብሽ ሳታዪው ይተናል፣ ስለዚ አላላበኝም ትያለሽ፣ ውሃም አትጠጪም።

ይሄ ለሁሉም ሰው ነው። አንቺን ከሌላው በላይ የሚያደክምሽ ምን እንደሆነ ለማወቅ ግን እነዚህን ሳታፍሪ መልሺልኝ። ሁዳዴን ትጾሚያለሽ? እስከ ስንት ሰዓት? ቡና ወይ ሻይ መቼ መቼ ነው የምትጠጪው? የወር አበባሽ ይበዛል? የምትወስጂው መድኃኒት አለ? የጨጓራም ይሁን የአለርጂ፣ "እሱ እንኳን መድኃኒት አይባልም" የምትይውን ጨምረሽ።

ባለ ቆቡ
እኔ ቱሉ ዲምቱ ሳይት ላይ ፎርማን ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁም ግን ፀሐይ ሰው ስትጥል በየቀኑ አያለሁ። ቁርስ ሳይበላ መጥቶ 4 ሰዓት ላይ ኮካ በዳቦ የሚል ልጅ 6 ሰዓት ሳይሞላ አካፋውን ተደግፎ ታገኘዋለህ። በሶ በጥብጦ ጨው ጣል አድርጎ በሃይላንድ ይዞ የሚመጣው ደሞ እስከ 11 ሰዓት ኮንክሪት ያቦካል። አዲስ የመጣ ልጅ የመጀመሪያ ሳምንት ላይ ይደክማል፣ ሰውነቱ ሲለምደው ይተወዋል፣ ስለዚ ያለወትሮው ፀሐይ ላይ የወጣ የቢሮ ሰው ቢደክመው አይገርመኝም። ደሞ እህቴ ጃንጥላ ለምን አትይዢም? አዲስ አበባ ላይ ወጣቱ ጃንጥላን ለዝናብ ብቻ አደረገው፣ የድሮ እናቶች እኮ በጋውን ሙሉ ይይዙ ነበር።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ድካም ሌላ ሙቀት መምታት ሌላ ነው። ሰውየው ቆዳው እሳት ሆኖ መቀባጠር ከጀመረ ወይ ከተንገዳገደ እሱን በሶ አያድነውም፣ ጥላ ሥር አስገብቶ ውሃ እያፈሰሱበት ሐኪም ቤት መሮጥ ነው።

የኮዬዋ
እሺ በቃ ሁሉንም ልናገር። አዎ እጾማለሁ፣ እስከ 9 ሰዓት ምንም አልቀምስም ውሃም ጭምር። 9 ሰዓት ላይ ቢሮ ውስጥ ነው የምበላው፣ ሽሮ በእንጀራ፣ ወዲያው ላይ ላዩን ቡና፣ ማታ ሻይ በዳቦ። ከጾም ውጪም ቁርሴ ሻይ በዳቦ ነው። ሥጋ በዓል ካልሆነ ቤታችን አይገባም፣ ጊዜውን ታውቁታላችሁ፣ እንቁላልም በፊት እንደነበረው አይደለም። የወር አበባዬ 7 ቀን ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበዛል፣ ሁሌም እንደዛ ስለሆነ ኖርማል ነበር የሚመስለኝ። ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ከዓመት በላይ ሆኖኛል፣ ሲያመኝ ነው ብዬ ጀምሬው አሁን በየቀኑ ሆነ። ለአቧራ አለርጂ ሲትሪዚን ጠዋት ጠዋት።

ግን ልብ በሉልኝ፣ ድካሙ ከጾሙ በፊትም ነበረ፣ ጥርና የካቲት ላይ። ጾሙ ባሰበት እንጂ አላመጣውም።

ነጭ ጋወን
እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ማግኒዥየም መጀመሪያ የሚነሳ ነገር አይደለም። እኔ ብትመጪብኝ መጀመሪያ የማስበው ብረት ነው። ደም ኦክስጅን የሚሸከመው በሄሞግሎቢን ነው፣ ሄሞግሎቢን ደሞ ያለ ብረት አይሰራም። ያነሰ ሰው ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ሲውል ምንም አይታወቀውም፣ ልቡ ትንሽ ጨምሮ እየመታ ይሸፍንለታል። ፀሐይ ላይ ሲወጣ ግን ቀድሜ ያልኩት ይመጣል፣ ደም ወደ ቆዳ ይሄዳል፣ ውሃ ይቀንሳል፣ ልብ ለሙቀቱም ለማነሱም በአንዴ መሮጥ አለበት፣ ከዛ 4ኛ ፎቅ ስትጨምሪበት ድው ድው። ደመና በሆነ ቀን የሚቀልሽ ለዛ ይመስለኛል፣ ሸክሙ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ስለሚሆን። ጥርና የካቲት ላይ ነበረ ማለትሽም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፣ በጋ ነው።

ሰው "ጤፍ እየበላሁ ብረት እንዴት ያንሰኛል" ይላል። ጤፍ ውስጥ ብረት አለ፣ ግን የተወሰነው አውድማ ላይ በበሬ ሲወቃ ከአፈር የሚገባ ነው፣ ያ ደሞ ሰውነት እንደልቡ አይጠቀምበትም። የራሱ የእህሉ ብረትም እንደ ሥጋ ብረት በቀላሉ አይገባም። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ይሻላል፣ ብረቱን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት የሚባለው ነገር በመብካቱ ይቀንሳልና። ዛሬ ዛሬ ከገበያ የምንገዛው እንጀራ ደሞ ሩዝ ምናምን የተቀላቀለበት ብዙ ነው፣ ስለዚ ጤፍ በላሁ ያልሽው ስንት እጁ ጤፍ እንደሆነ ባለቤቷ ነች የምታውቀው።

ከሁሉ የከፋው ግን ቡናውና ሻዩ ነው፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ከምግብ ጋር ወይ ወዲያው ከምግብ በላይ ሲጠጣ ከሽሮውም ከምስሩም የሚገኘውን ብረት በጣም ይቀንሰዋል። አንቺ ቁርስ ሻይ፣ ምሳ ቡና፣ ማታ ሻይ፣ አንድም የተረፈ ማዕድ የለም። ቡና አቁሚ አልልሽም፣ አዲስ አበባ ላይ ማን ይሰማኛል፣ ግን አንድ ሁለት ሰዓት አራርቂው። በምትኩ ከምግቡ ጋር ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ጥሬ ቃሪያ ይኑር፣ ቫይታሚን ሲ ያንን ብረት ያስገባል። ሽሮ ላይ ቃሪያ መግመጥ ዝም ብሎ የመጣ ልማድ አይመስለኝም (ይሄ የኔ አስተያየት ነው)።

ኦሜፕራዞሉ ሌላ ታሪክ ነው። የጨጓራ አሲድ ሲቀንስ ብረትም ቫይታሚን ቢ12ም የሚገቡበት መንገድ ይጠባል። ቢ12 ከእፅዋት አይገኝም፣ ከሥጋ ከወተት ከእንቁላል ነው። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ያስቀምጣል፣ ስለዚ 55 ቀን ጾም ብቻውን ጤነኛ ሰውን ባዶ አያደርግም፣ ግን ፍስኩም ላይ ሥጋ ካልገባ፣ ክኒኑም በየቀኑ ከሆነ ማንቂያ ነው። እጅ እግርሽን ይደነዝዝሻል? ምላስሽ ይላጣል? ጨጓራሽንም ኤች ፓይሎሪ መመርመር አለብሽ፣ ባክቴሪያው ራሱ ብረት ያሳጣል፣ በዛ ላይ ሳይታከሙት ዓመት ሙሉ አሲድ መቀነስ ቁስልን በጨርቅ ሸፍኖ መተው ነው።

ሲትሪዚኑን ማታ አድርጊው፣ አንዳንዱን ሰው ያደነዝዛል፣ ይሄ ዛሬውኑ የምትችይው ነው። ከዛ ሲቢሲ (የደም ሴል ቆጠራ፣ ሄሞግሎቢኑም እሱ ላይ ይወጣል)፣ ፌሪቲን (ሰውነት ያከማቸውን ብረት የሚያሳይ)፣ ከተቻለ ቢ12፣ የስኳርና የታይሮይድ ምርመራም ይጨመር። ታይሮይድ ከመጠን በላይ ሲሰራ ሙቀት አያስችልም፣ ልብም ያስደልቃል።

ጾመኛው
ሰው ሁሉ ነገር ሲያጣ ጾም ላይ ይለጥፋል። አባቶቻችን ጾመው አርሰው አጭደው ነው የኖሩት፣ ሁዳዴ እኮ እርሻ የሚታረስበት ሰዓት ላይ ነው የሚውለው።

ነጭ ጋወን
ጾመኛው፣ ጾም አስቁሚ ያልኩበት ቦታ ካለ አሳየኝ ወንድሜ። እኔም እጾማለሁ። አባቶቻችን ሲጾሙ ግን ማዕዱ ላይ ሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ ሰሊጥ፣ በሶ፣ ምስር፣ ጎመን ነበረበት። እኛ ሽሮና ፓስታ፣ ቢበዛ ድንች። ሻይ በዳቦ ደሞ የጾም ምግብ አይደለም፣ የጊዜ ማጣት ምግብ ነው። እና በቀትር ባንክ ለባንክ የሚሮጥ ሰው 9 ሰዓት ላይ መጀመሪያ ውሃውን በደንብ ይጠጣ፣ ከዛ ይብላ፣ ቡናው 11 ሰዓት ይድረስ ነው ያልኩት።

ሰሚት ማርያም ጋ
እኔ ግን ማግኒዥየም ወስጄ ተሽሎኛል፣ እንቅልፌም ተስተካከለ፣ ዝም ብላችሁ አታጣጥሉት። ቫይታሚን ዲ ያለ ማግኒዥየም አይሰራም የሚለው እውነት ነው፣ ዶክተሮችም ይሉታል።

ነጭ ጋወን
እውነት የሆነው ጫፉ ነው፣ መሃሉ ላይ ነው ቲክቶኩ የዘለለው። ፀሐይ ቆዳ ላይ የምትሰራው የመጀመሪያው ደረጃ የብርሃን ሥራ ብቻ ነው፣ ማግኒዥየም እዛ ቦታ የለችም። ማግኒዥየም የምትገባው ኋላ ነው፣ ጉበትና ኩላሊት ቫይታሚኑን ወደ ሥራ ሲቀይሩት ኢንዛይሞቹ እሷን ይፈልጋሉ፣ እሱ ደሞ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነገር ነው፣ ሰልፍ ላይ ቆመሽ የሚያልቅ አይደለም። አዋቂ ሰው ውስጥ 25 ግራም ገደማ ማግኒዥየም አለ፣ ከግማሽ በላዩ አጥንት ውስጥ። ከሰዓት በኋላ በአንድ ፀሐይ ሙጥጥ ይላል ማለት የሚያስቅ ነው።

በምግብም ካየነው በቀን ለሴት 320 ሚሊግራም ገደማ ነው የሚያስፈልገው፣ 100 ግራም ጤፍ ውስጥ ብቻ 180 አካባቢ አለ፣ የዱባ ፍሬ፣ ሰሊጥ፣ ተልባ፣ ባቄላ ሁሉ ሞልቶታል። የኛ ሰው ማዕድ ከማግኒዥየም የሚደኸይ ማዕድ አይደለም። አንድ ነገር ግን ለባልደረባዋ ልስጣት፣ ኦሜፕራዞል ረጅም ጊዜ ሲወሰድ ማግኒዥየም ሊቀንስ ይችላል። የጡንቻ መሸማቀቅ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መዛባት ካለ ይለካ። ካልሆነ ግን በዛ ገንዘብ የደም ምርመራው ይቅደም። ኩላሊቱን የሚያመው ሰው ደሞ በራሱ ፈቃድ ፈጽሞ እንዳይነካው።

ቫይታሚን ዲ ራሱስ? ፀሐይ አገር ሆነንም ያንሰናል፣ ቢሮ እንውላለን፣ ተሸፍነን እንሄዳለን፣ በታክሲ መስታወት የምትገባዋ ፀሐይ ደሞ ታሞቃለች እንጂ ቫይታሚን ዲ አትሰራም፣ መስታወቱ ያንን ጨረር ያስቀረዋል። ሲያንስ ጡንቻና አጥንት ያማል፣ ያደክማልም። ግን ደመና ሲሆን የሚለቅ፣ ፀሐይ ሲወጣ የሚመጣ ድካም አይሆንም።

የእህቷ እህት
ሁላችሁም ምግብ ምግብ ስትሉ እኔ ሌላ ነገር ልጨምር። ታናሽ እህቴ እንደዚሁ ፀሐይ ባገኛት ቁጥር ትወድቅ ነበር፣ ግን የሷ በማግስቱ ነበር የሚብሰው፣ ከዛ ጉንጭና ጉንጯ ላይ አፍንጫዋን አቋርጦ ቀይ ነገር ይወጣባታል፣ ጣቶቿ ጠዋት ጠዋት ይገትራሉ፣ ፀጉሯ ይረግፋል። የሄድንበት ሁሉ ደም ማነስ እያሉ ብረት ሰጧት፣ ማነሱም ነበረባት፣ ግን ብረቱ ምንም አልለወጠም። በመጨረሻ አንዲት የቆዳ ሐኪም ፊቷን ዓይታ ነው ኤኤንኤ የሚባል የደም ምርመራ ያዘዘችው፣ ሉፐስ ሆነ፣ የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነቱን የሚያጠቃበት በሽታ ነው። ላስፈራራሽ አይደለም እህቴ፣ ብቻ ሽፍታ ወይ የመገጣጠሚያ ሕመም ካለሽ ለሐኪሙ ከፀሐይዋ ጋር አያይዘሽ ንገሪው፣ ለየብቻ ካወራሽው ማንም አያገናኘውም።

ነጭ ጋወን
ይሄ የኔ መልስ ላይ መኖር ነበረበት፣ እግዜር ይስጥሽ። ምርመራው ንጹህ ሆኖ ድካሙ ከቀጠለ የሚታሰበው እሱ ነው።

የኮዬዋ
ሽፍታም የመገጣጠሚያ ሕመምም የለኝም ተመስገን። ምርመራው ግን ወጣልኝ። ሄሞግሎቢን 12.4 ነው፣ ወረቀቱ ላይ ከ12 በላይ ኖርማል ይላል፣ የላብራቶሪው ልጅም ደም ማነስ የለብሽም አለኝ። ፌሪቲን ግን 8። ቢ12 ደህና ነው። ኤች ፓይሎሪ ፖዘቲቭ። ሐኪሙ የብረት ክኒን ሰጠኝ፣ የኤች ፓይሎሪውንም ጀመርኩ፣ ማህፀን ሐኪም ጋም ላከኝ። እና ሄሞግሎቢኑ ኖርማል ከሆነ ድካሙ ከየት መጣ? ደሞ ክኒኑ ጾም ይገድፍብኝ ይሆን?

ጾመኛው
መድኃኒት ለታመመ ሰው ነው፣ አይገድፍም፣ ግን የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፣ ሰዓቱንም እሳቸው ያቀልሉልሻል። የታመመ ሰው እስከ 9 ሰዓት ይቆይ የሚል አባት የለም።

ነጭ ጋወን
አያችሁ ከጾመኛው ጋር ተስማማን።

ሄሞግሎቢኑ ላይ፣ ያ 12 የሚለው መስመር ለባህር ዳርቻ ሰው የወጣ ነው። ከፍታ ላይ ኦክስጅኑ ስለሚሳሳ የጤነኛ ሰው ሄሞግሎቢን ራሱ ከፍ ይላል፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ለከፍታ ማስተካከያ አለው፣ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ከ1 ግራም ትንሽ ከፍ ይላል። ስለዚ ያንቺ 12.4 ስታስተካክዪው ከመስመሩ በታች ነው። ይሄን ብዙ ላብራቶሪ ወረቀቱ ላይ አያወጣውም። ፌሪቲን ደሞ ጎተራው ነው፣ ለአዋቂ ሰው ከ15 በታች ባዶ ይባላል፣ ያንቺ 8። ጎተራው ባዶ ሲሆን ሄሞግሎቢን ገና ሳይወርድም ድካም ይኖራል።

ክኒኑን በባዶ ሆድ ብትወስጂው ይሻላል፣ ጨጓራሽ እምቢ ካለ ግን ትንሽ ምግብ ጨምሪበት፣ በሎሚ ውሃ ዋጪው፣ ቡናና ሻይ ወተትም አጠገቡ አይድረሱ። የኤች ፓይሎሪው መድኃኒት ጋር ሰዓቱን እንዴት እንደምታራርቂ ፋርማሲስቱን ጠይቂው። ሰገራሽ ይጠቁራል፣ አትደንግጪ። እና ልጆች ቤት ካሉ ክኒኑን ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጪው፣ ከረሜላ መስሏቸው ብዙ ከዋጡ ሕይወት የሚያጠፋ ነገር ነው።

የኮዬዋ
እሺ። እና ፋሲካ ላይ ዶሮ ወጥ እና ዱለት በደንብ ብበላ ክኒኑን ማሳጠር አልችልም? ሆዴን እየነፋኝ ነው።

ነጭ ጋወን
ዱለቱ ጉበት ስላለበት ግሩም ነው፣ ብዪው፣ የበሰለውን ብቻ ግን። ፌሪቲን 8 ግን በአንድ በዓል አይሞላም፣ ሄሞግሎቢኑ ቢስተካከልም ጎተራው እስኪሞላ ሦስት ወር ገደማ ትቀጥያለሽ፣ ከዛ ድጋሚ ይለካ። ከነፋሽ ለሐኪምሽ ንገሪው፣ ቀን አስዘልሎ እንድትወስጂ ሊያደርግሽ ይችላል፣ በራስሽ ግን እንዳታቋርጪው።

ባለ ቆቡ
ጃንጥላውንስ ገዛሽ ወይ?

የኮዬዋ
የእናቴን ወሰድኩት 😂